የደንገል ታንኳ እና ያልተጻፈው የጣና ሕግ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1969 ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ አሸዋ ላይ፣ አንዲት እንግዳ ጀልባ ትሠራ ነበር። ሳንቃም ሚስማርም የላትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ የታሰረ ደረቅ ደንገል ናት። የሚያሠራት ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ነበር። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር በተግባር ለማሳየት ቆርጦ ተነስቷል። ነገር ግን አንድ ችግር ገጠመው። ለሺህ ዓመታት ከደንገል ወረቀትም ጀልባም ስትሠራ የኖረችው ግብፅ ለአንድ ትልቅ ጀልባ የሚበቃ ደንገል አልነበራትም። ተክሉ ከዓባይ ዳርቻዋ ጠፍቷል። ስለዚህ 12 ቶን ያህል ደንገል ከኢትዮጵያ፣ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ታጭዶ ወደ ግብፅ ተላከ።

ጀልባዋ «ራ» ተባለች። በግንቦት ወር ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነስታ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘች በኋላ፣ ካሪቢያን ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ተፈታታች። በቀጣዩ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ የደንገል ጀልባ «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለኩራት ይነሳል። የጣና ደንገል አትላንቲክን ቀዘፈ ይባላል፤ ሐሰት አይደለም። ከኩራቱ ጀርባ ያለው ነገር ግን ብዙም አይነገርም። ለሄየርዳል ጀልባ የሚሆነው ሣር ከጣና የተፈለገው ግብፅ የራሷን ስላጠፋች ነው። ዛሬ ደግሞ በጣና ዳርቻ በብዙ ቦታ ለአንዲት ትንሽ የአሳ አጥማጅ ታንኳ የሚሆን ደንገል ለማግኘት ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ደንገሉ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ጀልባ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ለዘመናት ዓሣ የተጠመደበት ሥርዓትም አብሮ ይሄዳል።

*ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሲመርጥ*

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሰው ሠራሽ ዝንብ መንጠቆ ላይ አስረው ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። አንድ ሰው የምትይዝ ትንሽ ታንኳ ሲመርጡ ብዙ ይከራከራሉ። ክብደቷ ስንት ነው? ብቻዬን ተሸክሜ ውሃ ዳር ላደርሳት እችላለሁ? ቀና ብዬ ስቀመጥ ወይም ስቆም ትገለበጣለች? ዓሣው ሳይደነግጥ ድምፅ ሳታሰማ ትጠጋለች? ክሩ የሚጠላለፍበት ነገር አለባት? ዋጋዋስ?

የጣና ዓሣ አጥማጅ እነዚህን ጥያቄዎች ከብዙ ዘመን በፊት ጠይቆ መልስ አግኝቶላቸዋል። ለእርሱ ግን ጉዳዩ መዝናናት ሳይሆን እራት ነው። መልሱም የደንገል ታንኳ ናት።

ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመጥንም። አማካዩ ከ8 ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ዳርቻው ረግረግና ሣር የበዛበት ነው፤ ቀረሶ የሚመገበውና የሚራባውም በዚሁ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበል ያስነሳል። እንዲህ ላለው ውሃ ታች ድረስ የምትጠልቅ ከባድ ጀልባ አትሆንም። ደረቅ ደንገል ቡሽ ማለት ነው። ታንኳዋ ሣሩን እየጠቀጠቀች፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ ሳትነካካ ታልፋለች። ውሃ ቢገባባትም አትሰጥምም፤ ውስጧ ባዶ ስላልሆነ የሚሞላ ነገር የለም። ላይዋ ዝርግ ስለሆነ መረብ የሚያያዝበት ጉጥ የላትም። ቀዛፊው ከፍ ብሎ በተነጠፈ የደንገል መቀመጫ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያለ ይቀዝፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዋጋዋ ነው። ደንገሉ ከዳርቻው ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ማሰሪያውም ከዚያው ይገኛል። ባንክ አያበድርም፣ ብረት አይገዛም፣ ነዳጅ አይቀዳም። እጁ የለመደ ሰው ትንሿን ታንኳ በአጭር ጊዜ ሠርቶ ውሃ ላይ ያውላታል።

ጉድለቷም ግልጽ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሥራ በኋላ ወጥታ፣ ቆማ፣ ፀሐይ ካልሞቀች ትከብዳለች፤ ከዚያም ትበሰብሳለች። ዕድሜዋ የሚቆጠረው በሳምንታትና በወራት ነው። ነፋስ ላይ አቅም የላትም። ሩቅ መሄድ፣ ብዙ መጫን፣ ቶሎ መመለስ አትችልም።

እነዚህ ጉድለቶች የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርገው ለረጅም ጊዜ ተቆጥረዋል። ሐይቁን ሲጠብቁ የኖሩት ግን እነርሱ ነበሩ።

*የማን እጅ ሥራ ነው?*

ደንገል በጀልባነት የሚታወቀው ከጥንት ነው። የግብፅ መቃብር ሥዕሎች በደንገል ታንኳ ዓሣና ወፍ የሚያድኑ ሰዎችን ያሳያሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ የሕፃኑ ሙሴ ሣጥን የተሠራው ከደንገል ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል መርከቦችን ያነሳል። ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ጣና ደንገልና ስለ ታንኳዎቹ ጽፏል። ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም የሐይቁን ዳርቻ ሲያጠና ታንኳዎቹ አልተለዩትም፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍም በሰፊው ገልጿቸዋል።

የጣና ታንኳ ታሪክ ሲነሳ አንድ ስም መቅደም አለበት፤ ነገደ ወይጦ። ይህ ማኅበረሰብ ኑሮው በሙሉ ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው። ጉማሬ ያድን ነበር፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ደንገል ያጭዳል፣ ታንኳ ይሠራል፣ ቅርጫት ይጎነጉናል። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራል። ጉማሬ ስለሚበላ ለብዙ ዘመን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕዱን አልተጋራውም። በሠራው ታንኳ ግን ሁሉም ተሻግሯል። መነኩሴው ወደ ገዳሙ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው፣ የዘጌው ሰው እንጨቱን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሄደው በዚያው የደንገል ጥበብ ነው። የሰውየውን ምግብ የናቀ ማኅበረሰብ የእጁን ሥራ አልናቀም፤ ለባለሙያው ግን ክብሩን አልሰጠውም።

ታንኳ በሌሎችም እጅ ተሠርታለች፣ ተቀዝፋለች። ከሁሉም የሚገርመው የአፄ ቴዎድሮስ ሙከራ ነው። በ1866 ንጉሠ ነገሥቱ በጣና ዳር በቆራጣ ሳሉ የእንፋሎት መርከብ ሐሳብ አእምሯቸውን ይዞት ነበር። በእስር የቆየው እንግሊዛዊው ሐኪም ሔንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በላያቸው የእንጨት ወለል አንጥፈው፣ በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ገጠሙባቸው። የእንፋሎት ሞተር አልነበራቸውም፤ የነበራቸውን ደንገል ወስደው የሌላቸውን ሞተር በሰው ክንድ ተኩት። ፍላጎታቸው ሩቅ የሚሄድ፣ ብዙ የሚጭን፣ ነፋስ የማይመልሰው ጀልባ ነበር። መንግሥት ከሐይቅ የሚፈልገውና አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሐይቅ የሚፈልገው እንደሚለያይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

እውነተኛው ሞተር ጣና ላይ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በጎርጎራና በባሕር ዳር መካከል ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ መርከቦች መጡ። ዓሣ ማጥመዱ ግን ለተጨማሪ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በታንኳ እጅ ቆየ።

*1986፤ ምርጫው ሲለወጥ*

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የጣና ዓሣ አጥማጅ የሚሠራው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ነበር። ትንሽ መረብ፣ መንጠቆ፣ የቅርጫት ወጥመድ ይጠቀማል። በገባር ወንዞች ላይ በብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያደነዝዙም ነበሩ። ጠዋት ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሳ ይመለሳል። የያዘው ለቤቱና ለቅርብ ገበያ ይሆናል።

በ1986 በኔዘርላንድስ አብያተ ክርስቲያናት የልማት ድጋፍና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተሳትፎ የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው ቅን ነበር። አገሪቱ ከ1984ቱ ረሃብ ገና አላገገመችም። ሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ፤ በደሴቶቹና በዳርቻው ያለው ሰው ድሃ ነው፤ ወደ ዓሣው የሚያደርሰው ጀልባ ግን የለውም ተባለ። ከዚህ በላይ ቀላል ስሌት የለም።

ስሌቱ የዘለለው አንድ ነገር ነበር። ጀልባ ሲቀየር የሚቀየረው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የሚያዘው ዓሣ መጠንም ይቀየራል። የደንገል ታንኳ ዕዳ የለባትም። ባለቤቷ ዛሬ ሦስት ዓሣ ቢይዝ ሦስቱን ይዞ ይመለሳል፤ የከሰረው ጉልበቱን ብቻ ነው። የሞተር ጀልባ ነዳጅ ይጠጣል፣ መለዋወጫ ይጠይቃል፣ የመረቡ ገንዘብ መመለስ አለበት። ስለዚህ ባዶውን መመለስ አይችልም። ዓሣው በቀነሰ ቁጥር ራቅ ብሎ መሄድና ረጅም መረብ መጣል ይኖርበታል።

ብዙ ዓሣ በአንድ ቦታ የሚገኘው ደግሞ መቼና የት እንደሆነ ዓሣ አጥማጆች ያውቃሉ። ክረምት ላይ፣ ጉማራ፣ ርብና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ሲሞሉ፣ ዓሣው ለመራባት በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል።

*ከጣና ሌላ ቦታ የሌሉ ዓሦች*

በዚያ የሚሰበሰበው ተራ ዓሣ አይደለም። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣና ሐይቅ ላቢዮባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ዝርያዎችን ለይተው አስመዘገቡ፤ ከጣና ውጭ በዓለም የትም የሉም። ከእነርሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ይህ ለሳይንቲስቶች እንቆቅልሽ ነበር፤ የዚህ ዓሣ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ነበር፤ ከመጠን ባለፈ ማጥመድና ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፍቷል። በዓለም የቀረው የጣናው ነው።

እነዚህ ዓሦች ዕድገታቸው ዘገምተኛ ነው፤ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። አብዛኞቹ ለመራባት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ወቅት፣ ወደታወቁ ወንዞች ይጓዛሉ። መንገዳቸው ላይ መረብ ለሚዘረጋ ሰው ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ለዝርያው ግን ዕንቁላል የያዘችዋን እናት ከነልጆቿ መጨረስ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 አካባቢ የተሰበሰቡት መረጃዎች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ወደ ታንኳዋ ጉድለት መመለስ ያስፈልጋል። ደንገል ፀሐይ ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ በቀላሉ አይደርቅም። ታንኳ ነፋስና ጎርፍ ትፈራለች፤ ዓሣው የሚራባበት ወቅት ደግሞ ጎርፍና ነፋስ የሚበረታበት ነው። ከዳርቻ መራቅ አትችልም፤ ረጅም መረብም አትሸከምም። ማንም ሳያውጀው ሐይቁ የተዘጋ ወቅት፣ የተከለከለ ቦታና የተወሰነ መጠን ነበረው። ይህን ሕግ የሚያስከብረው ፖሊስ ሳይሆን የደንገሉ ጠባይ ነበር።

ሞተሩ ይህን ሕግ በአንድ ጊዜ ሻረው። በቦታው የተጻፈ ሕግ ለመተካት ዓመታት ፈጀ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 315/1995) የወጣው በ2003፣ ሞተሩ ከገባ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ክልከላ ደግሞ ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጥለውን ሰው የሚያስቆመው ጠባቂ ሲኖር ብቻ ነው።

*ታንኳም ንጹሕ አይደለችም*

ጥፋቱን በሙሉ ሞተር ላይ መለጠፍ ግን ቅንነት አይሆንም። ታንኳ ላይ ኑሮን ያልኖረ ሰው ስለ ውበቷ መናገር ይቀለዋል። በበረደ ውሃ ላይ ከንጋት በፊት እርጥብ ሣር ላይ መቀመጥ፣ ከሰዓት ነፋስ ጋር ለሕይወት መታገል፣ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ታንኳ መሥራት ከባድ ኑሮ ነው። ነፋስ ይዟቸው ሄዶ ያልተመለሱም አሉ። ሞተር የመረጠ ሰው ቤተሰቡን ነው የመረጠው፤ ሊወቀስ አይገባም።

ከዚያም አልፎ ዛሬ ታንኳ ራሷ ተለውጣለች። በሱዳን በኩል የሚገባው ርካሽ ባለ ነጠላ ክር መረብ ክብደት የለውም፤ በትንሽ ታንኳ ላይ ብዙ ሜትር ይጫናል። ውሃ ውስጥ ስለማይታይ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል፤ ተቆርጦ ሐይቅ ውስጥ ከቀረም ስለማይበሰብስ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። የታንኳ ጉድለት ሐይቁን መጠበቅ የቻለው ከእርሷ ጋር የሚሄደው መረብም የአቅሟን ያህል በነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ «ወደ ታንኳ እንመለስ» የሚለው መፈክር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

*ምርጫ ሳይኖር*

ትልቁ አደጋ ግን ምርጫው ራሱ እየጠፋ መሆኑ ነው። የደንገሉ መሬት ውሃው ሲሸሽ ይታረሳል፤ የቀረው ያለልክ ይታጨዳል፣ ይጋጣል። ከ1996 ጀምሮ በጨረጨራ ግድብ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ምክንያት የሐይቁ ውሃ መጠን የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ የዳርቻው ዕፅዋትም የለመደውን የውሃ መምጣትና መሄድ አጥቷል። በ2011 እንቦጭ ታየ። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ጥቅጥቅ ብሎ ሲተኛ ታንኳም ሞተርም አያሳልፍም፤ መረብ ይይዛል፣ ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ማታ ይዘጋል። በ2015 ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ምዝገባው ክብር ነው፤ ደንገል ግን በክብር አይበቅልም።

የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ተጎድተዋል። መጀመሪያ ሙያቸው ተናቀ፤ አሁን ደግሞ የሙያቸው ጥሬ ዕቃ ጠፋ። መሬት ለሌለው ሰው ደንገል ማለት መሬት ነበር። ስለ ጣና በተደረጉ ስብሰባዎች ላይ ስለ ዓሣ፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ኃይል ማመንጫ ብዙ ተብሏል። ሐይቁን በእጁ የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አስተያየት ሰጪ ሳይሆን ለፎቶግራፍ የሚፈለግ ሰው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቴክኖሎጂ ይቅር የሚል አይደለም። ትምህርቱ ጀልባ ሲመረጥ አብሮ የሚመረጠው ምን እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ይህ ጀልባ ወጪውን ለመመለስ በቀን ስንት ዓሣ ይፈልጋል? የት ድረስ ይደርሳል? በየትኛው ወር ይወጣል? አሮጌው ጀልባ ባለመቻሉ ብቻ ሳይነካ የቀረ ቦታ ካለ፣ አዲሱ ሲመጣ ያንን ቦታ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በ1986 ቢጠየቁ ሞተሩ ላይቀር ይችል ነበር፤ የወንዞቹን አፍ በመራቢያ ወራት መዝጋት ግን ከሞተሩ ጋር በአንድ ቀን ይጀመር ነበር።

ዛሬም አልመሸም። ጉማራና ርብ አፍ ላይ በመራቢያው ወቅት መረብ እንዳይጣል በእርግጥ ማስጠበቅ፣ ባለ ነጠላ ክሩን መረብ ከሐይቅ ላይ ሳይሆን ከገበያው ላይ ማስቀረት፣ የደንገል ዳርቻን ከእርሻ ለይቶ የማጨዱንና የመጠበቁን መብት ለሚያውቁት ሰዎች መስጠት ይቻላል። ከነዚህ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የሚጠይቅ የለም። ሦስቱም ታንኳዋ ያለ ደመወዝ ስትሠራው የነበረውን ሥራ በሰው እጅ መሥራት ናቸው።

ግብፅ ደንገሏን ስታጣ የሌላ አገር ሐይቅ ነበረላት፤ ሄየርዳል ጣና ድረስ መጥቶ አጭዶ ወሰደ። ጣና የራሱን ሲያጨርስ የሚሄድበት ሌላ ጣና የለውም።